ያልተቀበልሁት ግጥም

በ2015 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ከባንዴ ጋር ስጫወት፣ አንድ ሽማግሌ በዘፈን መካከል ከወንበራቸው ተነሥተው «ተቀበል!» አሉኝ። አልተቀበልሁም። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ብዙ ሠርግ ተጫውቻለሁ፤ ብዙ ጭብጨባም ሰምቻለሁ። የእኒያ ሽማግሌ ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ስድስት ነን፤ እኔ መሰንቆ እመታለሁ፣ ባስ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ድራምና ዋሽንት የሚጫወቱ አራት ወንድሞች አሉ፣ አንዲት እህታችን ደግሞ ታዜማለች። የዚያ ምሽት ዘፈን ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ፣ መግቢያውም መውጫውም ተቆጥሮ የተሰናዳ ነበር። ከሙዚቃው ከፊሉ አስቀድሞ ተቀርጾ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ድራም ተጫዋቹ በጆሮው የሚሰማውን ምት እየተከተለ ከተቀረጸው ጋር እኩል ይራመዳል፤ እኛ ደግሞ ድራሙን እንከተላለን።

ሽማግሌው ከፊት በግራ በኩል ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል፤ ከፊታቸው ያለው ቢራ እምብዛም አልተነካም። ሦስተኛውን ስንኝ ሳዜም ተነሡና ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። «ተቀበል!» የምትለው ቃል ድራሙን ሰንጥቃ ደረሰችኝ። ባትደርሰኝም ከከንፈራቸው አነባት ነበር፤ በልጅነቴ ከስሜ ቀጥሎ ደጋግሜ የሰማኋት ቃል ናት።

እጄ ሊቆም ፈለገ። ደጋኑ ለአፍታ ከጭራው ተነሥቶም ነበር። ነገር ግን ኮምፒውተር አይጠብቅም። እኔ ብቆም ሙዚቃው ጥሎኝ ይሄዳል፤ አምስቱ ባልደረቦቼ ግራ ይጋባሉ፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ተበላሸ ይላል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብሁና ደጋኑን መልሼ አሳረፍሁት። ሽማግሌው ግጥማቸውን ሰጡ። አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፤ ድምፃቸውን ግን አልሰማም። በባሱና በድራሙ መካከል ሾልካ የመጣችው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነበረች፤ «...ከበደህ»።

ከዚያ ጠበቁኝ። ግጥም የሰጠ ሰው ቃሉ በአዝማሪው ዜማ ተመልሶ እስኪመጣለት እንዴት እንደሚጠብቅ ያየ ያውቀዋል። አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ ከንፈሩን ይገጥማል፤ ዓይኑ ደጋኑ ላይ ይተከላል። እንደዚያ ሆነው ጠበቁኝ። እኔ ዓይኔን ወደ አዳራሹ ጥግ አሸሸሁ። ከኪሳቸው መቶ ብር አወጡና ወደ መድረኩ መጡ። ግንባሬ ላይ አልለጠፉትም። ጎንበስ ብለው እግሬ ሥር አስቀመጡት፤ ዘፈኑ ሳያልቅም ወጡ።

አዳራሹ አጨበጨበ። የሆቴሉ ሰዎች ተደስተው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሩን። ነገሩን ያስተዋለው ዋሽንት ተጫዋቹ ብቻ ነበር። ዕቃ ስንሸክፍ ጠጋ ብሎ «እኒያ አባት ምን አሉ?» አለኝ። «አልሰማሁም» አልሁት። ያችን መቶ ብር እስከ ዛሬ አልመነዘርኋትም።

አንዲቷ «ን»

መቀበልን የተማርሁት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ነው። አባቴ መሰንቆ ይመታ፣ እናቴ ታዜም ነበር፤ በየሠርጉና በየጠጅ ቤቱ አብረው ዞሩ። አባቴ በ1996 ዓ.ም. ሲሞት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እናቴ ድምፅዋ ደክሞ ስለነበር መሰንቆውን ይዤ ወደ መናኸሪያ ወረድሁ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል የሚመላለሱ አውቶቡሶች ለምሳ ደብረ ማርቆስ ይቆማሉ። ተሳፋሪው በልቶ ሲመለስ፣ ሾፌሩ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ባለችው ጥቂት ደቂቃ ዘልዬ እገባለሁ። በወንበሮቹ መካከል ቆሜ ፊት ለፊት ያለውን ሰው በመልኩ፣ በልብሱ፣ በጫማው እያወደስሁ እጫወታለሁ። ሳንቲም ይሰጡኛል። አንዳንዱ እንድወርድለት ብቻ ይሰጠኝ ነበር።

አንድ ቀን ከመጨረሻው ወንበር ላይ አንድ ጎልማሳ «አንተ ልጅ፣ ተቀበል!» አለኝ። ከዚያ በፊት ለእናቴ እንጂ ለእኔ እንዲያ ያለኝ ሰው አልነበረም። «ይበሉ ጌታዬ!» አልሁ እንደ እሷ። እንዲህ አለ፦

በረሃውን ወጣሁ ዓባይን ተሻግሬ፣
ደጀን አገኘሁኝ በስንት አሳር ዛሬ።

ቀላል መሰለኝ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ፣ ደጀን ወጥቶ የመጣ መንገደኛ ነው፤ ድካሙን ተናገረ፤ በቃ። ደጋኔን አሳርፌ «ደጀንን አገኘሁ» ብዬ ተቀበልሁት። ሰውዬው እጁን አነሣ። «አይደለም፤ መልስ» አለኝ። ዜማው የተበላሸ መስሎኝ ከፍ አድርጌ ደገምሁ። «አይደለም» አለ እንደገና። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሥቶ አጠገቤ ድረስ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ፣ ያችን ‹ን› ከየት አመጣሃት? ወርቄን ደፈነችብኝ» አለኝ።

ያን ጊዜ በራልኝ። «ደጀንን» ካልሁ ከተማዋ ብቻ ናት። «ደጀን» ካልሁ ግን ከተማዋም ናት፣ ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ የወገን ጦርም ነው። ሰውዬው መንገዱን ብቻ አልነበረም የተናገረው፤ ከስንት መከራ በኋላ የሚያስጠጋው ሰው ማግኘቱን ነበር። እኔ አንዲት ፊደል ጨምሬ የልቡን ቃል ወደ ታርጋ ጽሑፍ አወረድሁበት። ሾፌሩ ሲቆጣ ሰውዬው ወደ እሱ ዞሮ «ትንሽ ታገሠን፤ ልጁ እየተማረ ነው» አለው። ሦስተኛ ጊዜ እንደ ሰጠኝ አድርጌ ተቀበልሁት። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው «እሰይ!» አለ። አምስት ብር ግንባሬ ላይ ለጠፈልኝና ዋሸራ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት መቆየቱን ነገረኝ።

ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን ጎረቤት አድርጎ ላደገ የጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ገበሬውም ነጋዴውም ቃል ሲሰማ ገልበጥ አድርጎ ሥሩን ያያል። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ሰውዬው ሳንቲም ወርውሮ ዝም ማለት ይችል ነበር። ለአንዲት ፊደል ብሎ፣ አንድ ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ ቃሉን በትክክል እስኪይዝለት ድረስ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው አስቆመ። ሾፌሩም እየተቆጣ ጠበቀ።

ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ስነግራት ብዙ አልተደነቀችም። «ግጥም ሰጪን ዓይን ዓይኑን እይ፤ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ፊቱ ላይ ይታያል» አለችኝ። እሷ ግጥም ስትቀበል ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ ሰውየው ጉልበት አጠገብ ድረስ ትሄድ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ የጠፋበት ሰው ካለ የመጀመሪያውን ደጋግማ እያዜመች ጊዜ ትገዛለታለች። ስንኙ የተንጋደደ እንደሆነ ባለቤቱ ሳያፍር በዜማ ታቃናዋለች። አባቴ ደግሞ ሰው መናገር ሲጀምር ደጋኑን ከጭራው አንሥቶ አየር ላይ ይይዘዋል። መሰንቆ ዝም ሲል ጠጅ ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል። እኔ በልጅነቴ ያች ዝምታ የእረፍት ጊዜ ትመስለኝ ነበር።

ኪቦርድ አይቃኝም

ከመናኸሪያው በኋላ ያለውን ሰባት ዓመት በአጭሩ ልለፈው፤ የአዝማሪ ኑሮ ሁላችሁም እንደምታውቁት ነው። ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፤ ጥርና ሚያዝያ ሠርግ፣ በጾም ወራት ረሀብ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ግንዴ መሰንቆዬ ነበረች። በ2003 ዓ.ም. ባሕር ዳር ገባሁና በአንድ የባህል ምሽት ቤት ተቀጠርሁ። በ2010 ዓ.ም. አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሰምቶኝ «ለምን አብረን አንሠራም?» አለኝ።

የመጀመሪያውን የልምምድ ቀን አስታውሳለሁ። መሰንቆዬን አውጥቼ «ድምፅህን ስጠኝና ልቃኝ» አልሁት፤ ለእናቴ እንዲህ ስል ነው ያደግሁት። በእኛ ቤት ቅኝት ማለት መሰንቆን ከሚያዜመው ሰው ጉሮሮ ጋር ማስማማት ነው። እናቴ ጉንፋን የያዛት ቀን ትዝታውም ባቲውም ዝቅ ብሎ ይቃኛል፤ ደስ ያላት ቀን ከፍ ይላል። ልጁ አንዱን ቁልፍ ነካና «ይኸው፤ ኪቦርድ አይቃኝም፤ አንተ ወደ እሱ ና» አለኝ። በክፋት አልነበረም። ኪቦርዱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ቁልፎቹ እንደ ደረጃ ናቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላሉ። በሁለት ደረጃዎች መካከል የቆመ የሰው ድምፅ ግን ስንት አለ!

ሄድሁለት። በመሰንቆ ጭራውን እንጨቱ ላይ ተጭነን አንይዘውም፤ ጣታችን አየር ላይ እንዳለ ነው የሚነካው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቅኝት ውስጥ ያሉትን አምስት ድምፆች የሚያውቃቸው ጣትና ጆሮ ብቻ ነው። ያ ጆሮ በኪቦርዱ ልክ እንደገና ተሞረደ። ክረምት ሲመጣ ከጣና የሚነሣው እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፣ ድምፁም ይወርዳል። ድሮ ዜማው አብሮት ይወርድ ነበር፤ አሁን ግን ከመድረክ በፊት ከሰል ዳር አስጠግቼ አሞቀዋለሁ፤ ኪቦርዱ ጋር መድረስ አለበትና።

ይህን የምናገረው ባንድን ለመውቀስ አይደለም። ባስ ጊታሩ ከመሰንቆዬ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባባት ሰዓት በሕይወቴ ካየኋቸው መልካም ሰዓታት አንዷ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ በቀጭን ጭራ ላይ ብቻዬን ስሄድ ቆይቼ፣ ድንገት ከእግሬ ሥር መሬት ሲዘረጋ ተሰማኝ። አንገቴን ደፍቼ አለቀስሁ፤ ልጆቹም አይተው ዝም አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ያን ዕለት በጆሮዬ ሰማሁት። አንድ አዝማሪ የማይሞላውን አዳራሽ ስድስት ሆነን ሞላነው። የእናቴን የቤት ኪራይ ያለ ጭንቀት መክፈል የጀመርሁትም ያኔ ነው።

መሪ የሆንሁት ማንም መርጦኝ አይደለም። ስልክ የሚመልሰው፣ ዋጋ የሚነጋገረው፣ መኪና የሚከራየው ሰው እኔ ስለነበርሁ ነው። ቀጥሎ የሙዚቃውን አሰላለፍ እኔ መወሰን ጀመርሁ። መግቢያውን አሳጠርን፤ ለፍጻሜው ማድመቂያ ጨመርን። በ2013 ዓ.ም. ኮምፒውተሩ መጣ፤ ሁለት ሰው የመቅጠር አቅም ስላልነበረን የእነሱን ድርሻ ቀርጸን አስገባነው። ማስታወቂያው ላይ ከስሜ በፊት «አርቲስት» ተብሎ ሲጻፍ ዝም አልሁ። ትምህርት ቤት «አዝማሪ» እየተባልሁ ስለተሰደብሁ፣ ቃሉ ከላዬ ሲነሣ ቀለለኝ። አዝማሪ ከግእዙ «ዘመረ» የወጣ ቃል መሆኑን፣ ዝማሬና መዝሙር እኅቶቹ እንደሆኑ የሰማሁት በኋላ ነው።

እያንዳንዱ እርምጃ ትክክል ነበር። ዛሬም አንድ በአንድ ብትጠይቁኝ ሁሉንም እደግማቸዋለሁ እላለሁ። ደምሬ ሳያቸው ግን በሰባቱ ደቂቃ ውስጥ ለሌላ ሰው አፍ የቀረች አንዲት ክፍት ቦታ የለችም። መቼ እንደ ተደፈነች አላስተዋልሁም። አድማጩም አብሮን ተለውጧል። ድሮ ግጥም ይዞ የሚመጣው ሰው አሁን ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል፤ ከእኛ የሚጠብቀው ተቀርጾ የሚሄድ ነገር ነው። ቢሆንም እኒያ ሽማግሌ ግጥማቸውን ይዘው መጥተው ነበር።

«...ከበደህ»

ከዚያ ሌሊት በኋላ ያች ቃል ታመመችብኝ። አዝማሪ መጨረሻዋን ቃል ካገኘ ቤቱን ያገኛል፤ ቤቱን ካገኘ ስንኙን መፈለግ ይችላል። «ደህ» ብሎ የሚመታ ቤት ነው። ሄደህ፣ ወስደህ፣ ለምደህ፣ ክደህ፣ ወርደህ። በሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ የመጀመሪያውን ስንኝ እሞላ ጀመር። ከሞላኋቸው አንዱ ይህ ነው፦

ወርቀዘቦ ለብሰህ ባደባባይ ሄደህ፣
ያባትህ መሰንቆ ለመያዝ ከበደህ።

ሌሎችም ነበሩ፤ ከዚህ የከፉ። ሃያ ያህል ከገጠምሁ በኋላ የሠራሁት ገባኝ። ሽማግሌው ያሉትን አልነበረም የምፈልገው። የራሴን ክስ ገጥሜ በእሳቸው አፍ ላይ አኖር ነበር። ተሰጥቶኝ ያልሰማሁትን ግጥም አሁንም በራሴ ቃል እየሸፈንሁት ነበር።

በመጋቢት ለሌላ ሥራ ወደዚያው ሆቴል ተመለስን። ድምፅ ማጉያውን ስንተክል አንዲት አስተናጋጅ ሰሃን እንደ ያዘች አጠገቤ ቆመች። «ጋሼ፣ የእኒያን አባት ግጥም ለምን ሳትቀበላቸው ቀረህ?» አለችኝ።

«ሰምተሽዋል?»

«አጠገባቸው ነበርሁ። ለእኔ የተናገሩ መስሎኝ ደንግጬ ነው የያዝሁት።»

«እንዴት ለአንቺ?»

«‹አስተናግደህ› ሲሉ ሰማኋ! መስተንግዶው ቅር ያሰኛቸው መሰለኝ» አለችና፣ ማንም እንዳይሰማት ዙሪያዋን አይታ በዝግታ ነገረችኝ፦

ድሮ ባንድ ጭራ ስንቱን አስተናግደህ፣
ዛሬ ባንድ ሆነህ አንድ ሰው ከበደህ?

ድምፅ ማጉያው ላይ ተቀመጥሁ። ደግማ እንድትነግረኝ ለመንኋት። የመጀመሪያዋ «ባንድ» በአንዲት ጭራ ማለት ናት። ሁለተኛዋ ስማችን ናት፤ ከስማችን ሥር ደግሞ አንድ የሆኑ ስድስት ሰዎች አሉ። ከእነሱ ፊት ለፊት አንድ ሰው፣ ብቻውን፣ ዱላውን ይዞ ቆሟል። አንዷን «በአንድ» ብላችሁ አፍታታችሁ ብትጽፏት ወርቁ ይጠፋል፤ እንደ ተነገረች በጆሮ ካልተቀበሏት አትኖርም። መናኸሪያ ላይ ስለ አንዲት ፊደል የታረምሁት ልጅ፣ አሁን ግጥሙን በሙሉ ጥዬዋለሁ።

ደግሞም ግጥሙ ስድብ አይደለም። እኔ ራሴን ስሰድብ ከርሜያለሁ፤ እሳቸው ግን የጠየቁት ጥያቄ ነው። «አስተናግደህ» የምትለው ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። አጫውተህ አላሉም፣ አስደስተህ አላሉም። አዝማሪን እንደ ቤት ባለቤት፣ ሰውን እንደ እንግዳ አድርገው ነበር የሚያዩን። እናቴ ወደ ሰው ጉልበት ዘንድ የምትሄደው ለምን እንደሆነ ያኔ ይበልጥ ገባኝ።

አስተናጋጇ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ሽማግሌው ሲወጡ ለዘበኛው «ይህ ልጅ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ላይ የማውቀው ነው» ብለውታል። ያ የአውቶቡሱ ጎልማሳ ይሆኑ እንደሆነ አሰላሁ፤ ዕድሜው ይገጥማል። ግን በመናኸሪያው ስንት ሰው አይቶኛል! ሄጄ ላፈላልጋቸው ወሰንሁና ለክረምት ቀጠሮ ያዝሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተነሣውን ግጭት ታውቃላችሁ። ሰዓት እላፊ መጣ፣ መንገዱም እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም። ሳልሄድ ቀረሁ።

ብዙ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ዘዋሪ ዘፋኞችንና ጠንቋዮችን እያሳደደ እንዲገደሉ አዘዘ። በእጃቸው የነበረው እንጨትና የፈረስ ጭራ ነው። የራሳቸውን ቃል ብቻ ቢይዙ ኖሮ ይህን ያህል የሚፈሩ አይመስለኝም። አንዱ መንደር የሰጣቸውን ቃል ተቀብለው ለሌላው መንደር ስለሚያደርሱ ነው። አዝማሪ ዘንድ የገባ ቃል አይቀበርም። መድረክ ላይ ዓይኔን ያሸሸሁባት ቅጽበት የምታሳምመኝ፣ ከአንድ ሰው በላይ የሆነ ነገር በእጄ ስለ ነበረ ነው።

ደጋኑን ማንሣት

ግጥሙን ለባልደረቦቼ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ «ለሰው ቦታ እንክፈት» ስል ክርክር ተነሣ። ድራም ተጫዋቹ «ኮምፒውተሩ ከቆመ ዘፈኑ ይሞታል» አለ። ልክ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ «ማንም የማይናገር ከሆነስ? ባዶ መድረክ ላይ ቆመን ልንተያይ ነው?» አለ። እሱም ልክ ነው። ድምፃዊቷ ብቻ «ቢያንስ እንሞክረው፤ እኔም አንዳንዴ የምትናገር ሴት አያለሁ፣ ዘፈኑ ጎትቶ ይወስደኛል» አለች። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ኮምፒውተሩን ከሁለት ዘፈኖች አወጣነው። ድራም ተጫዋቹ የጆሮውን ማዳመጫ አውልቆ ሲቀመጥ እንደ ተራቆተ ሰው ተሰማኝ ብሎኛል። ምልክቱ የአባቴ ምልክት ሆነ። ደጋኑን አንሥቼ አየር ላይ ስይዘው ኪቦርድና ዋሽንት ይቆማሉ፤ ባሱ መነሻውን ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆያል፤ ድራም ተጫዋቹ ዱላዎቹን አስቀምጦ በመዳፉ ከበሮውን በስሱ ይነካል። ደጋኑ ሲያርፍ ሁሉም ይመለሳል።

ወረቀት ላይ ይህን ያህል ቀላል ነው። ልምምዱ ወራት ፈጀ። ባስ ተጫዋቹ ዝምታው ሲረዝምበት እጁ ሳያውቀው ወደ ዜማው ይገባል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ክፍተቱን በሚያምር ነገር ይሞላዋል፤ ያማረ ስለሆነ መቆጣትም ይከብዳል። እኔ ራሴ ደጋኑን ቶሎ አወርደዋለሁ። ተራ በተራ ወንበር ላይ እየተቀመጥን ግጥም ሰጪ ሆንን፤ አንዳንዱ ሆን ብሎ ይዘገያል፣ አንዳንዱ ቤት ያልመታ ስንኝ ይሰጣል። የሌሊት ሥራ ስለቆመ ጊዜ ነበረን። በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ስድስት ሰዎች ዝም ማለትን ተለማመድን። የጎረቤት ልጆች መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው መብራት የጠፋብን እየመሰላቸው ይጠይቁን ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሠርጎች ደጋኑን አነሣሁ፣ ማንም አልተናገረም። ሰው ስልኩን ይዞ ጠበቀ። አወረድሁና ቀጠልን። ኪቦርድ ተጫዋቹ ምንም አላለኝም፤ ዝም በማለቱ አመሰግነዋለሁ።

በአራተኛው፣ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ከከተማው ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ በቀን እየተጫወትን ነበር። ደጋኑን አነሣሁ። ከሴቶቹ መካከል አንዲት እናት፣ የሙሽራዋ አያት መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ፣ የሰው ትከሻ ተደግፈው ተነሡ። «ተቀበል» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ግን ምንም የሚሸፍነው አልነበረም፤ ሰማሁት።

«ይበሉ እመቤቴ!» አልሁ።

ለናት ምን ይቀራል ልጇን ሰጥታ ለሰው፣

አሉና ቆሙ። ስንኙን ተቀብዬ አዜምሁት። ሁለተኛው አልመጣላቸውም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ወጥቷል። የመጀመሪያውን ደገምሁት፣ ቀስ አድርጌ፣ እንደ እናቴ። አሁንም የለም። ከኋላ አንድ ወጣት «እማማ በቃ ይቀመጡ» እያለ ክንዳቸውን ያዘ። ከወንዶቹ በኩል «ቀጥሉ እንጂ!» የሚል ድምፅ መጣ። ወደ ባልደረቦቼ ዘወር አልሁ። ባስ ተጫዋቹ ያችን አንዲት ድምፅ እንደ ያዘ ነው። ድራም ተጫዋቹ መዳፉን ከበሮው ላይ አሳርፎ እሳቸውን ያያል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። መሰንቆዬን ይዤ ከመድረኩ ወረድሁና ወደ እሳቸው ሄድሁ። ደጋኔ እንደ ተነሣ ነው። ጠበቅናቸው።